ለገና ወደ ላሊበላ ስትወጡ በመንገድ የት ታድራላችሁ? ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ሐይቅ ወይስ ወልድያ

አክስቴ ከአዲስ አበባ የሚደውሉልኝ ኅዳር ጽዮን ባለፈ በሳምንቱ ውስጥ ነው። ሰላምታው ሳያልቅ «ዘንድሮ አልጋ ስንት ገባ?» ይሉኛል። ደሴ ተወልጄ ደሴ የምኖር ስለሆንኩ ለገና ወደ ላሊበላ የሚወጣ ዘመድ ሁሉ በእኔ በኩል ያልፋል፤ የአክስቴ የጽዋ ማኅበርተኞች፣ የእነርሱ ልጆች፣ ከውጭ አገር የመጣው የአጎቴ ልጅ ሳይቀር። እኔም ለሁሉም ቀድሜ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «በማግስቱ በስንት ሰዓት፣ በምን ትነሣላችሁ?»

የመንገድ አልጋ ከማግስቱ ጉዞ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይመረጣል ብዬ አምናለሁ። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ደክሟችሁ ትገባላችሁ፤ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ትነሣላችሁ። በእነዚያ ዘጠኝ ሰዓታት የምትፈልጉት ሙቅ ውሃ፣ ጸጥ ያለ እንቅልፍና በጨለማ ብዙ ሳትጓዙ የምትደርሱበት መኪና ነው። ሰፊው በረንዳና ትልቁ ቴሌቪዥን ሒሳቡ ላይ ይገባሉ፤ ለመጠቀም ግን ጊዜ የላችሁም።

በመጀመሪያ ርቀቱን እንየው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ አድርጎ ኮምቦልቻ ድረስ 375 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴ ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ላይ ናት። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ አለፍ ብላ ትገኛለች፤ ወልድያ ደግሞ ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከወልድያ በጋሸና በኩል እስከ ላሊበላ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል፤ እሱም ዳገትና ጠመዝማዛ የበዛበት ስለሆነ ኪሎ ሜትሩን አይታችሁ በሁለት ሰዓት እንደርሳለን ብላችሁ አታስቡ። ስለዚህ አዳሩ ደሴ ከሆነ ለማግስቱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠብቃችኋል። ወልድያ ከሆነ በግማሽ የሚጠጋው ተቃልሏል፤ የመጀመሪያው ቀን ግን 520 ኪሎ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ድካሙ አይቀርም፤ የምትመርጡት በየትኛው ቀን እንደሚከብዳችሁ ነው። በአውሮፕላን በቀጥታ ላሊበላ የምታርፉ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም።

ኮምቦልቻ ለሦስት ዓይነት ሰው ትሆናለች። አንደኛው በራሱ መኪና የሚመጣ ነው፤ ከተማዋ ሜዳ ላይ ስለሆነች ግቢ ያለው ሆቴልና መኪና ማቆሚያ ማግኘት ከደሴ ይልቅ ይቀላል። ሁለተኛው ብርድ የማይስማማው ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ስትሆን ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ በታኅሣሥ ሌሊት ይህ ልዩነት በአጥንት ውስጥ ይታወቃል። አስም ያለባቸውን አንዲት የአክስቴን ባልንጀራ ሁልጊዜ ኮምቦልቻ እንዲያድሩ ነው የምመክራቸው። ሦስተኛው እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን መጥቶ ከዚያ በመኪና የሚቀጥል ነው። ሆቴሎቹ ለፋብሪካዎቹና በ2009 ዓ.ም. ለተከፈተው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ የሚመጣውን እንግዳ የለመዱ ስለሆኑ ደረሰኝና መስተንግዶ ላይ አይቸገሩም። ጉድለቷ ወደ ደሴ የሚያወጣው ሐረጎ ነው። ጠዋት በጉም ውስጥ ያንን ጠመዝማዛ ዳገት መውጣት አለባችሁ፤ በሕዝብ ማመላለሻ ከሆናችሁ ደግሞ ደሴ ላይ እንደገና መኪና መያዝ ሊኖርባችሁ ነው። በአውቶቡስ ለሚጓዝ ሰው ኮምቦልቻ ማደር እኔ አይታየኝም።

ደሴ የራሴ ከተማ ስለሆነች እንዳላዳላ መጠንቀቅ ይኖርብኛል። ከጉድለቷ ልጀምር። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር በሸለቆ ውስጥ የተዘረጋች ቀዝቃዛ ከተማ ናት፤ ግራና ቀኟ ዳገት ነው። በስልክ «ከፒያሳ አምስት ደቂቃ» የተባለ ፔንሲዮን አምስት ደቂቃው በደረጃ ሽቅብ ሊሆን ይችላል፤ ሻንጣ ለያዘና ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ደግሞ አምስቱ ሃያ ይሆናል። ስለዚህ ስትደውሉ «ባጃጅ በር ድረስ ይገባል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ከዋጋው ቀጥሎ ደሴ ላይ ትልቁ ጥያቄ ነው።

ሌላው ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር አለ፤ ሆቴሉ ጣሪያው ላይ በቂ ሮቶ ከሌለው ማምሻውን በባልዲ መታጠብ ይመጣል። ሮቶ ቢኖርም ማሞቂያው የሚሠራው በመብራት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሻወሩን ማሞቂያ ይዞ ይነሣል ወይስ አምፖሉን ብቻ? ብዙ ቦታ አምፖሉን ብቻ ነው። «ሙቅ ውሃ አለ?» ስትሉ «አዎ» ይባላል። «መብራት ሲጠፋስ?» ብትሉ እውነተኛውን መልስ ታገኛላችሁ። በታኅሣሥ ደሴ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ማነስ የለበትም፤ ተጨማሪ አስቀድማችሁ አስመጡ፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የሚቀሰቀስ ሠራተኛ ላታገኙ ትችላላችሁ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላም ለአብዛኛው ተጓዥ ደሴን የምመርጥበት ምክንያት አለኝ። አልጋው ብዙ ነው፤ ከጋራ መጸዳጃ ባለው ፔንሲዮን ጀምሮ ሊፍት እስካለው ሆቴል በየደረጃው ይገኛል፤ አንዱ ቢሞላ በእግር ሌላው ጋ ይኬዳል። ከዚህ በላይ ግን የመንገዱ ነገር ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ምክንያት መንገድ በድንገት የሚዘጋበት ቀን አለ። አንድ ሌሊት ያላችሁት ሦስት ሌሊት ቢሆን የት መሆን ትፈልጋላችሁ? ሆስፒታል፣ ባንክ፣ መድኃኒት ቤትና ብዙ ምግብ ቤት ያለበት ከተማ መሆን አለበት። ወሎም እንግዳ አይገፋም፤ ችግራችሁን ከሰማ «አብሽሩ» ብሎ የሚያስገባችሁ ሰው ደሴ ላይ አይጠፋም። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አዳራሽ «አይጠየፍ» ብሎ የሰየመ ከተማ ነው፤ በጊዜ ከገባችሁ ሄዳችሁ እዩት። የመንገዱን ወሬ ከመነሣታችሁ በፊትና ደሴ እንደገባችሁ መናኸሪያ ያሉትን ሾፌሮች ጠይቁ፤ ትናንት ያለፈ ሾፌር የሚነግራችሁ ከማንም ይበልጣል።

ወልድያ የምትመረጠው ለማግስቱ ጠዋት ነው። ወደ ላሊበላ የሚወጣው ሚኒባስ ማለዳ እዚያው ስለሚሞላ፣ ወልድያ ያደረ ሰው ከደሴ ከተነሣው ብዙ ቀድሞ ላሊበላ ይገባል። በገና ሰሞን ሁለትና ሦስት ሰዓት ቀድሞ መግባት ማለት ማደሪያ ማግኘትና አለማግኘት ማለት ሊሆን ይችላል። ከአዲስ አበባ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት በራሳችሁ መኪና ከተነሣችሁ፣ ሁለት ሾፌር ካላችሁና መንገዱ ሰላም መሆኑን ካረጋገጣችሁ ወልድያን አስቡ። በአውቶቡስ ከሆነ ግን ከመምሸቱ በፊት ለመድረሳችሁ ዋስትና የለም። አልጋው ከደሴ ያነሰ ነው፣ በዚያ ሳምንት ደግሞ ከመቀሌም፣ ከቆቦም የሚመጣው ሰው የሚገናኘው እዚያው ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ወልድያ ገብቶ አልጋ የሚያጠያይቅ ሰው ዋጋ ለመከራከር አቅም የለውም፤ የተባለውን ይከፍላል። ወልድያን የምትመርጡ ከሆነ ቀብድ ሳትልኩ አትነሡ።

ከወልድያ በላይ ያለችው ጋሸና ማደሪያ አላት፤ ጨለማ ከያዛችሁ እንጂ አስባችሁ የምትሄዱባት አይደለችም። ብርዷም ከደሴ ይብሳል።

ሐይቅን ለመጨረሻው አቆይቻት ነበር፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ማደሪያው ዓይነት እንለፍ። ሆቴል፣ ፔንሲዮን፣ የዘመድ ቤት፣ የጉዞ ማኅበር አራቱ የተለያየ ሒሳብ አላቸው። በሆቴልና በፔንሲዮን መካከል ለአንድ አዳር ፔንሲዮን ይበቃል ባይ ነኝ፤ ግን ከመናኸሪያው ያለው ርቀት ከተቆጠረ በኋላ። ለስሌት ያህል እንዲህ እንበል፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። ከከተማው ዳር ያለ ፔንሲዮን 800 ብር፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለ ሆቴል 1,100 ብር ቢጠይቃችሁ ልዩነቱ 300 ብር ነው። ማታ ስትገቡ ኮንትራት ባጃጅ 150 ብር፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ሲሆን ባጃጁ ስለሌለ በስልክ የሚጠራው 250 ብር ቢል ርካሹ አልጋ 1,200 ብር ገባ። ሰዎቹ አራት ሆነው ሁለት ባጃጅ ከያዙ ደግሞ 1,600። በዚያ ላይ ባጃጁ ዘግይቶ የመጀመሪያው መኪና ቢያመልጣችሁ የሚከፈለው በብር የሚቆጠር አይደለም።

ሆቴል ስትጠይቁ ዋጋው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱንና የአገልግሎት ክፍያውን ጨምሮ እንደሆነ አረጋግጡ። «አንድ ሺህ» ተብሎ ጠዋት ሒሳቡ ሌላ ቁጥር ሲሆን በዚያ ሰዓት መከራከር ራሱ ኪሳራ ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ አብሯችሁ ካለ አልጋውን የምትይዙት እናንተ ሁኑ፤ በዶላር የሚነገር ዋጋ ያለበት ቤት አለ።

ቁርስን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። «ቁርስን ጨምሮ» የሚል ዋጋ ደስ ይላል። ግን ወደ ገና የምትሄዱት በጾመ ነቢያት ነው፤ ጾሙ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ በዓሉ ዋዜማ ይቆያል። እንቁላል ፍርፍሩ፣ ወተቱና ቅቤ የገባበት ፈጢራ ለጾመኛ አይሆንም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ደግሞ ጭራሽ ቁርስ የሚባል ነገር የለም። የሚጾመው ባይሆን እንኳ የሆቴል ቁርስ የሚቀርበው አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ እናንተ በዚያ ጊዜ መንገድ ላይ ናችሁ። ስለዚህ «ያለ ቁርስ ስንት ነው?» በሉ። የሚቀንሱላችሁ ከሆነ ጥሩ፤ ካልሆነ ሌላ ቤት ጋር ስታነጻጽሩ የቁርሱን ዋጋ አውጥታችሁ አነጻጽሩ። ማታ በያይነቱ ወይም ሽሮ በልታችሁ፣ ዳቦና ቆሎ ይዛችሁ ግቡ።

የዘመድ ቤት ያላችሁ ምን ታስባላችሁ? በገንዘብ ከሁሉም ይቀላል፣ ስኳርና ቡና ይዞ መግባት ነው። ፍቅሩንም የሚተካ ሆቴል የለም። ግን ወሎ ውስጥ እንግዳ መጥቶ አቦል ብቻ ጠጥቶ አይተኛም፤ ቶናው አለ፣ በረካው አለ፣ ጎረቤትም ይጠራል፣ ጨዋታው እኩለ ሌሊት ያልፋል። አሥር ሰዓት ላይ ስትነሡም ቤተሰቡ በሙሉ ከእናንተ ጋር ይነሣል። ስለዚህ የእኔ ምክር ሲሄዱ አልጋ ተከራይቶ፣ ሲመለሱ ዘመድ ቤት ማደር ነው። ዘመዱ እንዳይቀየም አስቀድማችሁ ደውላችሁ «ስንመለስ ከበረከቱ ይዘን እንመጣለን» በሉ፤ ወሎዬ ይህንን ይቀበላል።

በጉዞ ማኅበር የምትሄዱ የከፈላችሁት ዋጋ የመንገዱን አዳር ይጨምራል ወይስ የላሊበላውን ብቻ የሚለውን በግልጽ ጠይቁ። አዳሩ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ከሆነ ፍራሽና ብርድ ልብስ የሚይዘው ማን ነው? ለወጣት ይህ ምርጥ ነው፤ ከመዝሙሩና ከአብሮነቱ ጋር ጉዞው ከዚያው ይጀምራል። እናቶችን ግን በሲሚንቶ ላይ አስተኝቶ በማግስቱ 300 ኪሎ ሜትር ማስኬድ ልብ ያሳዝናል። ማኅበሩ ፈቃደኛ ከሆነ ለእነርሱ ብቻ አጠገቡ አልጋ ያዙላቸው።

ቀብድን በተመለከተ አንድ ያጋጠመኝን ልናገር። አንድ ዓመት ለአክስቴና ለሦስት ባልንጀሮቻቸው በስልክ ሁለት ክፍል ያዝኩ። ሆቴሉን አልጠራም። «ይዘንልዎታል» አሉኝ፤ ቀብድም አልጠየቁም፣ እኔም ደስ አለኝ። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሲገባ ሁለቱም ክፍል ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። አራት አረጋውያን እንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ከሆቴል ሆቴል ስሮጥ አምስት ሰዓት ሆነ። አክስቴ አልተቆጡም፤ ነጠላቸውን ለባልንጀራቸው እግር አልብሰው «ማርያም ታውቃለች» ብቻ አሉ። ከዚያ ወዲህ ቀብድ በቴሌብር ወይም በባንክ ሳልልክ፣ የላክሁበትን መልእክት ሳላስቀምጥ፣ የተቀባዩን ሠራተኛ ስም ሳልጽፍና «ማታ አምስት ሰዓት ቢሆንም እንመጣለን» ሳልል አልጋ ያዝኩ አልልም። መንገድ ቢዘጋ ቀብዱ እንደሚመለስ ወይም ለሌላ ቀን እንደሚተላለፍም አስቀድሜ እጠይቃለሁ። በዚህ ጉዳይ እሺ የሚል ቤት በመቶ ብር ቢበልጥ እከፍላለሁ።

ቀኑንም አጣሩ። ገና ታኅሣሥ 29 ነው ብለን ሁላችንም እንናገራለን፤ በየአራት ዓመቱ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ይውላል። በ2016 ዓ.ም. እንዲያ ነበር፣ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ይሆናል። በልማድ ቀን ቆጥሮ አልጋ የያዘ ሰው አንድ ቀን ዘግይቶ፣ የበዓሉ ጠዋት ዝማሬ «ቤዛ ኩሉ» ካለፈ በኋላ ይደርሳል። ላሊበላ ላይ ልደቱ የቅዱስ ላሊበላም ልደት ስለሆነ በዓሉ እጥፍ ነው፤ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከላይና ከታች ሆነው በሚያሸበሽቡበት ጠዋት ለመገኘት ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ መግባት ያስፈልጋል። ስለዚህ የመንገዱ አዳር በታኅሣሥ 25 ወይም 26 አካባቢ እንዲሆን አድርጉ። ቀደም ማለቱ ለኪስም ይጠቅማል፤ ትልቁ የሕዝብ ማዕበል ገና አልደረሰም።

የላሊበላውን አልጋ ዋጋ ስትሰሙ ደንግጣችሁ በመንገዱ አዳር ላይ ለመቆጠብ ትፈልጉ ይሆናል። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው። ላሊበላ ላይ በድንኳንም፣ በቅጥር ግቢም፣ እግር አጥቦ በሚቀበል ሰው ቤትም ይታደራል፤ እዚያ የሚያስነቃችሁ ራሱ በዓሉ ነው። የመንገዱ ሌሊት ግን እንቅልፍ ካላገኛችሁበት ምንም አይሰጣችሁም። ገንዘቡ አንድ ጥሩ አልጋ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ደሴ ወይም ወልድያ ላይ አውሉት።

አሁን ሐይቅ። ስትሄዱ ሐይቅ ማደር አይመቻችሁም፤ ከደሴ ይልቅ ለላሊበላ የምትቀርበው በ30 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ አልጋው ጥቂት ነው፣ ማለዳ መኪና የሚያልፈው ከደሴ ሞልቶ ነው። ስትመለሱ ግን ሌላ ነው። በዓሉ አልፏል፣ ጾሙ ተፈቷል፣ የሚያስቸኩል የለም። በውሃው ዳር ካሉት ማረፊያዎች አንዱ ጋ ግቡና ዓሣ አስጠብሱ። ጠዋት ላይ የጀልባውን ዋጋ ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙ፤ ለሰው ነው ወይስ ለጀልባው፣ ለመሄጃ ብቻ ነው ወይስ ለመመለሻም የሚለውን ለዩ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም በዚያው ነው፤ ድሮ ደሴት የነበረ ዛሬ በቀጭን መሬት ከዳር የተያያዘ። ወደ ገዳሙ የሚገቡት ወንዶች ብቻ ስለሆኑ አብራችሁ ያሉትን ሴቶች ብቻቸውን ዳር ላይ አታስቀምጧቸው፤ እነርሱ በጀልባው ውሃውን እንዲዞሩ አስቀድማችሁ ከባለጀልባው ጋር ተነጋገሩ። አክስቴ ባለፈው እንደዚያ አድርገው ከጀልባው ሲወርዱ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር፤ «የሚቀጥለው ዓመት ሁለት ሌሊት ያዝልኝ» አሉኝ።